‘ያለ ምክንያት’ ብዬ የጻፍኩት ሰው

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። የሶማሌ ጦርነት ካበቃ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ድሬዳዋ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ። እስከ ዛሬ የማልረሳው ስለፈራሁ ወይም ስለደነገጥኩ አይደለም። በገዛ እጄ ስለጻፍኩት ነው። ወረቀቱ አሁንም ቤቴ አለ።

አስቀድሜ ልናገር፤ ይሄ ታሪክ ደግ ሰው አለበት፣ ግን እኔ አይደለሁም።

የሽመና ክፍል ጩኸት ላልሰማው ሰው እንዴት እንደማስረዳው አላውቅም። ያ ሁሉ ማሽን ባንድ ላይ ሲደበድብ አጠገብህ ያለው ሰው ጆሮህ ውስጥ ቢጮህ እንኳ ግማሹ አይገባህም። ስለዚህ በእጅ ነበር የምንነጋገረው። ማግ ሲያልቅ፣ መካኒክ ሲፈለግ፣ ፎርማን ሲመጣ፣ ሁሉም ምልክት ነበረው። ስድብም ነበረው። በስተቀኜ የሚሠራው ሙሜ በሁለት ጣቱ ብቻ ፎርማኑን እስከ አያቱ ድረስ ይሰድበው ነበር፤ ፎርማኑ ሰላምታ መስሎት ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል።

ከምልክቶቹ አንዱ መዳፍን አናት ላይ መጫን ነው። ልጆች ሆነን እናቶቻችን እጃችሁን ከራሳችሁ ላይ አውርዱ፣ አታሟርቱ እያሉ ይቆጡን ነበር፤ እንደዚያ የሚያደርገው ሰው የሞተበት ነው። የድሮዎቹ ሠራተኞች ይህን የመረጡት ለዚህ ይመስለኛል። ትርጉሙ ‘ልቤ እዚህ የለም፣ ማሽኖቼን ያዙልኝ’ ነው። ያየው ሰው ጡጫውን ጨብጦ ደረቱን ይነካል፤ ‘ይዤልሃለሁ’ ማለት ነው። ከዚያ ግራና ቀኝ ያሉት ማሽኖቹን ይከፋፈሏቸዋል፤ ሰውየው ከጨርቅ ጥቅሎቹ ኋላ ሄዶ ይቀመጣል። ማልቀስ ያሰኘው ያለቅሳል። ዝም ማለት ያሰኘው ዝም ይላል። ሲበቃው ይመለሳል። ማንም ምን ሆንክ አይለውም።

ይህን ‘ጥላ መስጠት’ እንለው ነበር። የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደዚያ እንደተባለ አይጠይቅም። የትም አልተጻፈም፣ ማንም አልፈቀደውም። ፎርማኑ ያውቃል፤ ግን አያይም።

እኔ ራሴ ጥላ ተሰጥቶኛል። በቀይ ሽብር ታናሽ ወንድሜን ገደሉብኝ። መንገድ ላይ ጥለውት አየሁትና እንደማላውቀው ሰው አልፌው ሄድኩ፤ ያለቀሰ አብሮ ይሄድ ነበራ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው ያለቀሰችው። በማግስቱ ሥራ ገባሁ፤ መቅረትም ማልቀስ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ረፋዱ ላይ እጄ ክር መቀጠል እምቢ አለኝ። ክሩን አየዋለሁ፣ ጣቴ አይታዘዝም። መዳፌ እንዴት አናቴ ላይ እንደወጣ አላውቅም።

ቀና ስል ሙሜ ጡጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሟል።

ሙሜ ረጅም ቀጭን ሰው ነበር። ዘመዶቹ ከከተማው ውጭ፣ ጀልዴሳ ከብት ያረባሉ፤ እሱ ግን እዚሁ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ነው ያደገው። ወሬውን በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ያስኬደውና በሱማልኛ ይጨርሰዋል። ለእኔ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አራት ማሽን ያዘልኝ፣ የራሱ ስምንት ሳይቀር። የቀሩትን አራት በግራዬ ያለችው እትዬ ዘነበች ያዘች። ኋላ ላይ ከፋብሪካው ስንወጣ ‘ሙሜ፣ ይህን ውለታ በምን እመልሰዋለሁ?’ አልኩት።

‘አቦ ተወኝ!’ አለኝ። ‘ያንተ ማሽኖች ከኔዎቹ ይሻላሉ፤ ደግመህ ስጠኝ።’

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሙሜን ከሚሊሺያው ጋር ወሰዱት። ሲመለስ እጁም እግሩም ሙሉ ነበር። ሁሉም ‘አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆነም’ አለ። እኔም አልኩ።

ሆኗል። ማሽኖቹ ሁልጊዜ እየተለያዩ ነው የሚመቱት፤ አንዳንዴ ግን ድንገት ይገጥሙና ሁሉም ባንድ ምት ይመታሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይለያያሉ። ሌላው ሰው ልብ አይለውም። ሙሜ ግን ያን ጊዜ ባለበት ይደርቃል። ዓይኑ ክፍት ነው፣ እኛን ግን አያየንም። ከዚያ መዳፉ ቀስ እያለ አናቱ ላይ ይወጣል። እኛም እንይዝለታለን። ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ይመለሳል፤ ተመልሶም ይቀልዳል።

‘የት ደረስክ?’ እለዋለሁ በእጄ።

‘ጅጅጋ። መንገዱ አቧራ ነው’ ይለኛል በእጁ፣ ትከሻውን እያራገፈ።

ይህ በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። በዚህ ሁኔታ ጡረታ እስኪወጣ መሥራት ይችል ነበር። ይህን እወቁልኝ። ሙሜ መሥራት ያቃተው ሰው አልነበረም።

እኔ እስከዚያ ድረስ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ከሥራ በኋላ በፋብሪካው ምግብ ቤት ውስጥ ተማርኩ፤ ከኛ ረድፍ አንደኛ ሆኜ ጨረስኩ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ነገር በልጅነቱ ለተማረ ሰው አይገባውም። የሱቅ ስም እያነበብኩ ከመጋላ ከዚራ ሰፈር፣ ከከዚራ መጋላ ስመላለስ እውል ነበር። ያ ሁሉ ጽሑፍ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ተለጥፎ ተደብቆኝ ኖሯል።

አንድ ቀን የክፍሉ ኃላፊ ጠራኝና ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ ከነእርሳሱ ሰጠኝ። ‘ጓድ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከማሽኑ የሚለይ ሠራተኛ ትመዘግባለህ’ አለኝ። ወረቀቱ አራት ቤት ነበረው፦ ስም፣ የማሽን ቁጥር፣ ሰዓት፣ ምክንያት።

ሰሌዳውን ይዤ ስገባ እትዬ ዘነበች ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ጆሮዬን ጎትታ ጮኸችበት፦ ‘አንተ፣ ሽንት ቤት የሚመላለሰውን ጻፍ። እጁን አናቱ ላይ ላደረገ ሰው ግን ጣሪያ ጣሪያውን እይ! ሰማህ?’

ሙሜ ግን ደስ አለው። ምሳ ሰዓት ላይ ‘ዋርያ ጸሐፊያችን!’ አለኝ። ‘ስሜን ስትጽፍ አሳምረህ ጻፈው እሺ። እኔ ስሜ ተጽፎ እንዴት እንደሚመስል አላውቅም።’

ሁለት ሳምንት ያህል ጣሪያ አየሁ። ሙሜ ሦስት ጊዜ ጥላ ወሰደ፣ ሌሎችም ወሰዱ፣ ወረቀቴ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ከዚያ ኃላፊው ጠራኝ። ባዶዎቹን ወረቀቶች አገላበጠና ፈገግ አለ።

‘ጓድ፣ እውነቱን ንገረኝ። መጻፍ አትችልም እንዴ? ሌላ የሚችል ልፈልግ?’

ሌላ ማንኛውንም ነገር ቢለኝ ይሻል ነበር። ቢሰድበኝ፣ ቢያስፈራራኝ እችለው ነበር። መጻፍ አትችልም አለኝ።

በማግስቱ ማሽኖቹ ገጠሙ፣ ሙሜ ደረቀ፣ መዳፉ ወጣ። እትዬ ዘነበች ደረቷን ነካች። እኔ እርሳሱን አነሳሁ። ስሙን ጻፍኩ፣ የማሽኖቹን ቁጥር ጻፍኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ። ምክንያት የሚለው ቤት ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ‘ጥላ’ ብዬ ብጽፍ ማን ያውቀዋል? ‘ጦርነት’ ብዬ ብጽፍ ጦርነቱን ማማት ይሆንና እሱንም እኔንም ያሳስራል። ‘ያለ ምክንያት’ ብዬ ጻፍኩ።

እንዴት አምሮ ነበር መሰላችሁ! ከደብተሬ ውጭ የጻፍኩት የመጀመሪያ ነገር ነው። ወረቀቱን ራቅ አድርጌ አየሁት። በዚያ ሳምንትና በሚቀጥለው አራት ጊዜ እንደዚያው አድርጌ ጻፍኩት።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ከሥራ ስንወጣ ስብሰባ ተጠራ። ፊደል የቆጠርኩበት ያው ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ስልሳ ያህል ሸማኔዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረናል። ኃላፊው ወረቀቴን ይዞ ቆመና ‘ጓድ ሙሜ፣ አራት ጊዜ፣ ያለ ምክንያት’ ብሎ አነበበ። ሙሜ እንዲነሳ ተደረገ።

‘የት ነበርክ?’

‘እዚያው።’

‘ምን ትሠራ ነበር?’

‘ተቀምጬ።’

አንዱ ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም።

‘ማሽኖችህ ግን ሲሠሩ ነበር። ማን ያዘልህ?’

ሙሜ እትዬ ዘነበችን አላያትም። ‘ብቻቸውን ሄዱ’ አለ።

‘ብቻቸውን ሄዱ! ጓዶች፣ ይሄ ሹፈት ነው ወይስ አሻጥር?’

አሻጥር የምትለዋ ቃል በዚያ ጊዜ ምን ታመጣ እንደነበር ዕድሜው የደረሰ ያውቃል።   ያን ጊዜ ሙሜ ወደ እኔ ዞረ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ መዳፉን ቀስ አድርጎ አናቱ ላይ ጫነው።

ስልሳ ሸማኔ አየው። ስልሳውም ምን እንዳለ ያውቃል። የለመነው ግን እኔን ነው።

ከእኔ የሚጠበቀው ጡጫ ጨብጦ ደረት መንካት ነበር። ተነስቼ ‘እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ሰውየው ከጦርነት የመጣ ነው፣ ይሄ የቆየ የሥራችን ልማድ ነው፣ እኔም ወስጃለሁ’ ማለት። ‘አንተ ደግሞ ለምን ወሰድክ?’ ቢሉኝስ? የወንድሜን ነገር ማውጣት ሊኖርብኝ ነው። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ በጭንቅላቴ ዞረ። አልተነሳሁም። እርሳሴን ይዤ እንደሚጽፍ ሰው አጎነበስኩ።

‘እጅህን አውርድ!’ አለው ኃላፊው። ‘ለቅሶ ቤት አይደለም።’

ሙሜ እጁን አወረደ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ስብሰባው ሲያልቅ ሁላችንም ተነስተን ግራ እጃችንን ጨብጠን መፈክር አሰማን። እኔም ጮክ ብዬ አሰማሁ። ለዚያኛው የሚጨበጥ ጡጫ ነበረኝ።

በር ላይ ሙሜ ደረሰብኝ። ይመታኛል ብዬ ነበር። ‘ስሜን አሳምረህ ጻፍከው?’ አለኝ።

‘አዎ’ አልኩት።

‘ጎበዝ’ አለ። አሽሙር መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አሽሙር አልነበረም። አሽሙር ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቀለል ይለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ በክፍላችን ማንም መዳፉን አናቱ ላይ አላደረገም። ልጅ የቀበረችም ደርቃ ቆማ ትሠራለች። ወረቀቴ እንደገና ባዶ ሆነ፤ አሁን ግን ባዶው አስመሰገነኝ። ሙሜ ቀልድ አቆመ። ፎርማኑን እንኳ መስደብ ተወ። ማሽኖቹ ሲገጥሙ የማሽኑን ብረት በሁለት እጁ ጨምድዶ ይይዝና እስኪያልፍ ይጠብቃል። ጣቶቹ ሲነጡ ከቦታዬ አየዋለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ማሽኖቹ ገጠሙ። የዚያን ቀን ቶሎ አልተለያዩም። ሙሜ ብረቱን ያዘ። ከዚያ ቀኝ እጁ ተነሳ፤ ትከሻው ድረስ መጣ፤ ወደ እኔና ወደ ሰሌዳዬ አየ፤ እጁን መለሰ። ዞር ብሎ መራመድ ጀመረ። ወደ ጨርቅ ጥቅሎቹ አይደለም፣ ወደ በሩ ነው። እየሮጠ አይደለም። ሰላም እንዳለ ሰው ሄደ።

ስምንቱ ማሽኖች ያለ ሰው ይደበድባሉ። እትዬ ዘነበች ልትይዝለት ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ሰሌዳውን አየችና ቆመች። ፊቷን ዛሬም አየዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ላይ ክር ተበጠሰና ቆመ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሦስተኛው። በየተራ ስምንቱም ጸጥ አሉ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ጸጥታ ያለበት ቦታ ተፈጠረ።

እኔ ምን ሳደርግ ነበር? ሰዓት ስጽፍ። ሮጬ ብወጣ ግቢው ውስጥ እደርስበት ነበር። ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ሰዓቱን ጻፍኩ። አራተኛው ቤት ላይ እጄ ለምዶታል፤ ሳላስብ ‘ያለ ምክንያት’ ብዬ ጻፍኩ።

የበሩ ዘበኛ ‘ወዴት ነው?’ ቢለው ‘መጣሁ’ ብሎት ወጣ። በዚያው ቀረ።

በዕረፍት ቀኔ ዘመዶቹ ጋ ሄዶ ይሆናል ብዬ ወደ ጀልዴሳ በሚወስደው መንገድ ወጣሁ። ከከተማው ራቅ ብሎ አንዲት ሴት ግራር ሥር ከሰል ትሸጣለች። በኦሮምኛ ጠየቅኳት። አስታወሰችው።

‘ረጅም ሰውዬ ነው? ከቀትር በኋላ አልፏል። እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ነበር የሚሄደው። ፀሐይ እየተከላከለ መስሎኝ፣ ወንድሜ ና እዚህ ጥላው ውስጥ አረፍ በል፣ ውሃ ጠጣ አልኩት።’

‘ምን አለሽ?’

‘ቆመና፣ ማን ይዞልኛል? አለኝ። እጁ ላይ ግን ምንም ዕቃ የለም። ምን ማለቱ ነው?’

‘እንጃ’ አልኳት። በደንብ አውቅ ነበር።

‘አንቺስ ምን መለስሽለት?’

‘ምን እመልስለታለሁ? ውሃውን ዘረጋሁለት፤ ሳይጠጣ ሄደ።’

ጀልዴሳ ያሉ ዘመዶቹ አላዩትም። ሬሳም አልተገኘ፣ ወሬም አልተገኘ። ያን አገር በዚያ ፀሐይ፣ ያለ ውሃ አቋርጦ ወዴት እንደሄደ አላህ ነው የሚያውቀው።

ሚስቱ ፋጡማ አንድ ወር ያህል በየቀኑ የፋብሪካው በር ላይ ትቆም ነበር። ሸማኔ በወጣ ቁጥር ‘ምን አሉት? ከማን ተጣላ?’ ትላለች። እኔን ስታይ እጄን ያዘችኝ። ‘ወንድሜ፣ አንተ አጠገቡ ነበርክ። ምን ሆነ?’

‘ደህና ነበር’ አልኳት።

ከዚያ ወዲያ በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ። ፋጡማ ከብዙ ዓመት በኋላ ሞተች። አልነገርኳትም። ሰፈሯን አውቀው ነበር፤ ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው።

ሰሌዳውን ዓይኔን ያመኛል ብዬ መለስኩ። የዚያን ቀን ወረቀት ግን ሳልመልስ አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ኃላፊውን ለብዙ ዓመት ስረግመው ኖሬያለሁ፤ መርገም ደስ ይላል። ‘ያለ ምክንያት’ የሚለውን ግን እሱ አልጻፈውም።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ልጄ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ትሰፋለች። በቀደም ከሥራ ቦታዋ የተሰጣቸውን ወረቀት ይዛ መጣችና ‘አባዬ፣ አንብበው እስቲ’ አለችኝ። ሠራተኛ ጭንቀት ቢሰማው ቢሮ መጥቶ እንዲያማክር ይላል። ወረቀቱን አልጠላሁትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት።

‘ወደ ቢሮው ስትሄጂ ማሽንሽን ማን ይይዝልሻል?’

ወረቀቱን አገላበጠች። ‘እሱን እንጃ’ አለች። ‘ማንም።’

ምልክቱን አሳየኋት። መጀመሪያ ‘ኧረ ሟርት ነው!’ ብላ ሳቀች። ከሳምንት በኋላ ‘አባዬ፣ ጎኔ ያለችው ልጅ አደረገችው’ አለችኝ። ‘ያዝኩላት።’ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቀናሁ። ልጄ በደቂቃ ያደረገችውን ነገር እኔ አላደረግሁትም።

ሰው ሲያወራ የቤት ክዳን ላይ ዝናብ ባንድ ምት ሲመታ ብሰማ ወሬው ይጠፋኛል። በስተቀኜ ማየት አልወድም። የሆነ ሰው ቆሞ መልስ እየጠበቀ ይመስለኛል። አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን ጡጫዬን ጨብጬ ደረቴን እነካለሁ። ማንም አያይም። ለማንም አይጠቅምም።

ይህን የምጽፈው ያን ወረቀት ፊቴ ዘርግቼ ነው። እርሳሱ ደብዝዟል፤ ስሙ ግን ይነበባል፤ አምሮ ነው የተጻፈው፣ እንዳለኝ። አራተኛው ቤት በጣም ጠባብ ነው፣ ከሁለት ቃል በላይ አይይዝም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ሙሜ ምክንያት ነበረው። ስልሳ ሰው ፊት እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ለመነኝ፤ እኔ እርሳስ ይዤ ነበር።